የዱባዩ አውራ ዶሮ

ሾላ ገበያ ውስጥ፣ የቤት ዕቃ በሚሸጥበት ረድፍ፣ «ፈዲላ ትታለላለች» ብሎ የሚወራረድ ሰው አልነበረም። ክዳኑ አልገጠመልኝም ብሎ ድስት ሊመልስ የመጣ ደንበኛ ድስቱን እንደያዘ፣ በላዩ ላይ መጥበሻ ጨምሮ ይሄዳል። ኪስ አውላቂ እንኳ በሷ ደጃፍ ሲያልፍ እጁን ኪስ ውስጥ ይከታል፤ ያውም የገዛ ራሱ ኪስ ውስጥ።

የተወለደችው ወሎ፣ ወረባቦ፣ ቢስቲማ ከተማ ነው። አባቷ ከገበያ ገበያ የሚዞሩ ነጋዴ ነበሩና ገና በልጅነቷ አንድ ነገር አስተምረዋታል፤ «የሰው እጁን አትይ፣ እጅ ይለማመዳል፤ ዓይኑን እይ» ይሏት ነበር። አዲስ አበባ የመጣችው ሐሩንን አግብታ ነው። ሐሩን ከላምበረት ደሴ የሚመላለስ የአውቶቡስ ሾፌር ሲሆን ንግግር የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ጣርማበርን ሲወጣም ሆነ ሲወርድ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ዱዓና ጸሎት ሲያደርስ፣ እሱ ዝም። «የሐሩን ወሬ በሙሉ ከፍሬኑ ጋር ነው» ትላለች ፈዲላ። አንዲት ልጃቸው ሳና ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ የአውሮፕላን ትኬት የሚቆረጥበት ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። ሦስቱም ለሚ ኩራ፣ አንድ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ።

በሱቋ በስተቀኝ አልጋ ልብስና መጋረጃ የምትሸጠው ንግሥቲ ናት፤ የመቀሌ ሰው፣ ጨዋ፣ ነጠላዋ ከቀኑ መጨረሻም ከጠዋቱ እኩል የሚነጣ። በስተግራ ተስፉ አለ። ተስፉ ስፒከር፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ቻርጀር ይሸጣል። ከሱ ጋር የሚሸጠው ግን ከሁሉ በላይ ምክር ነው፤ እሱንም በነጻ ነው የሚሰጠው። ስልክ ነክ የሆነ ጉዳይ ሁሉ ወደ ተስፉ ይሄዳል፤ ተስፉም የማያውቀው ነገር ሲመጣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያስረዳል።

ወሬውን ያመጣውም እሱ ነው። ጅምላ አከፋፋዮቹ ዕቃ እያሳነሱ ዋጋ እየቆለሉ ባስቸገሩበት ሰሞን፣ አንድ ቀን ወንበሩን እየጎተተ መጣና ሁለቱ ሴቶች መሀል ተቀመጠ።

«ስልክ ውስጥ ገበያ አለ» አላቸው። «‹ዕቃ በሽ በሽ› ይባላል። ሻጩ ዱባይ ይሁን፣ ቻይና ይሁን፣ ኢስታንቡል ይሁን፣ ማንም ማንንም አያውቅም። ስም የለ፣ ፎቶ የለ። ክፍያው በብር አይደለም፤ በክሪፕቶ ነው፣ በዩኤስዲቲ፤ ስልክ ውስጥ ያለ ዶላር በሉት።»

«ፊቱን ለማላየው ሰው?» አለች ፈዲላ።

«እትዬ ፈዲላ፣ ፊት አያስፈልግም። ማስያዣ አለ። ገንዘቡን ገበያው ራሱ ይይዘዋል። ዕቃው እጅሽ ሲገባ ‹ተረክቤያለሁ› የሚለውን ትጫኛለሽ፤ ያኔ ለሻጩ ይለቀቅለታል።»

«ገበያው ማን ነው?»

ተስፉ ትንሽ አሰበና ድምፁን ከፍ አደረገ። «ገበያው... ገበያው ነዋ!»

ፈዲላ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ አልገባም ብላ ማለች። የማለችው ጠዋት ነበር፤ ከሰዓት በኋላ፣ ንግሥቲ ደንበኛ ይዛ ሳለ፣ «ለማየት ያህል ነው» ብላ ስልኳን ለተስፉ ሰጠችው። እሱም ከፈተላት። የቅጽል ስም ምረጪ ስትባል «ቢስቲማ» አለች።

ገበያው ውስጥ ገብታ ስትመለከት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ሻጮቹ ለራሳቸው ያወጡት ስም «ታማኙ»፣ «ቃል አክባሪ»፣ «ሐቀኛው»፣ «እመኑኝ» ነው። ፈዲላ እነዚህን ሁሉ በአንድ ጣት ጠርጋ አለፈቻቸው። «ሰው ራሱን ታማኝ ብሎ የሚጠራው ሌላ የሚጠራለት ሲጠፋ ነው» አለች። እንዲህ እየጠረገች ስትወርድ አንድ ስም ላይ ጣቷ ቆመ። «ጦሳ» ይላል። ጦሳ ደሴ የተንተራሰችው ተራራ ነው። ሰው ተራራ ቢያጣ እንዴት ጦሳን ይመርጣል፣ የዚያው ልጅ ካልሆነ በቀር?

ድስት አለው፤ የማይጣበቅ፣ ባለመስታወት ክዳን፣ ሴቱ ሁሉ የሚጠይቃት ዓይነት። ፈዲላም ዓይን ካልተገኘ ድምፅ ይበቃል ብላ ወሰነችና፣ «ድምፅህን ላክ፤ ድምፁን የማልሰማው ሰው ጋ አልገበያይም» ብላ የራሷን ድምፅ ላከችለት።

ብዙም ሳይቆይ ድምፅ መጣ። «አሰላሙ አለይኩም እታለም! አብሽሪ እንጂ! ድምፅ ብቻ ነው? ነፍሴንም ብትዪኝ እልክልሽ ነበር። የወሎን ሰው አማርኛ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ወላሂ!» ከኋላው አንድ አውራ ዶሮ በረጅሙ ጮኸ።

ያ «አብሽሪ» ፈዲላን በቁሟ ቢስቲማ አደረሳት። የታመመ ሲጠየቅ፣ ያዘነ ሲጽናና፣ አህያ እንኳ ዳገት ላይ ሲደክማት አባቷ የሚሏት ቃል ነው። ቢሆንም ፈዲላ ፈዲላ ናትና ዶሮውን አላለፈችውም።

«ዱባይ ዶሮ አለ እንዴ?» ብላ ላከችለት።

«እታለም ሙች! ባሕር ገፍተው ደሴት የሠሩ ሰዎች ዶሮ ያቅታቸዋል?»

ፈዲላ አሰበችበትና ነገሩ ልክ ሆኖ አገኘችው። ደሴት የሠራ ሰው ዶሮ አያቅተውም።

ከዚያ በኋላ የቤተሰብ ያህል ሆኑ። ስለ ሳና ትዳር ሳይቀር መከራት። ድስቱን ስታዝዝ ታዲያ፣ ማስያዣው ውስጥ ልታስገባ ስትል፣ ድምፁ ለስለስ ብሎ መጣ። «እታለም፣ ገበያው እኮ በመሀል ይቆርጣል። እኔና አንቺ የአንድ ተራራ ልጆች ነን፤ በመሀላችን ሌላ ሰው ምን ይሠራል? በቀጥታ ለኔ ላኪው፤ ለገበያው የሚሄደውን ከዋጋው ላይ ልቀንስልሽ።» ዶሮው ጮኸ።

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ፈዲላ በዕድሜዋ ቅናሽ ስትታገል፣ ስትምል፣ ሄዳ ስትመለስ ነው የኖረችው። ሳትጠይቀው ቅናሽ ያቀረበላት ሰው አጋጥሟት አያውቅም። ለዚህ የሚሆን መከላከያ አልነበራትም። ዩኤስዲቲው እንዴት እንደሚላክ ተስፉን ጠየቀችው፤ ወዴት እንደምትልክ ግን አልነገረችውም። ላከች።

ዕቃው መርከብ ላይ ወጣ። ጅቡቲ ደረሰ። ጋላፊ ኬላ ላይ ቆመ። ፈዲላ ሐሩንን ራት ላይ «ከጋላፊ አዲስ አበባ ስንት ቀን ይፈጃል?» አለችው። ሐሩን ጎረሰና ዋጠ። «በምን?» አለ። «በመኪና ነዋ!» «መኪናውን ማን ይነዳዋል?» አለ። ፈዲላ ሌላ አልጠየቀችም። ሐሩን ግን በሷ ላይ የሆነ ነገር እንዳለ ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠርጥሯል።

ከጋላፊ ወዲህ ድስቱ ንቅንቅ አላለም። ጦሳም ድምፁ ጠፋ። ፈዲላ ብትጽፍ፣ ብትናገር፣ ብትለማመጥ፣ ብትቆጣ፣ ተራራው ዝም አለ። ሁሉም ነገር አንድ ጠዋት ላምበረት መናኸሪያ አጠገብ ታክሲ ስትጠብቅ ገባት፤ አጠገቧ ያለ የሊስትሮ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጫማዋ ሸራ ቢሆንም ልጁ ምንም ሳይላት ጠርጎ ሰጣት።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ረድፉን ሁሉ ያስገረመ ነበር። ፈዲላ ጨጓራዬ ነው ብላ ዝም አለች። ደንበኛ ዋጋ ሲያጣጥልባት «እሺ» ትላለች፤ ሰዎች ደነገጡ። በዚያው ሰሞን ንግሥቲን ደም ግፊት ያዛት፤ አልጋ ልብስ አጥፋ እንደገና ዘርግታ፣ እንደገና አጥፋ ትውላለች። ተስፉም ምክር መስጠት አቆመ። «ወገቤን ነው» አለ። ሦስቱም እርስ በርስ «እግዜር ይማርሽ»፣ «አላህ ያሽርህ» እየተባባሉ፣ አንዱ የሌላውን ዓይን ሳያይ ሰነበቱ።

ፈዲላን ያቃጠላት ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ገንዘብ ይመጣል ይሄዳል። ያቃጠላት ስሟ ነው። ሾላ ሁሉ «ፈዲላም?» ብሎ አፉን በእጁ ሲይዝ ይታያታል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ሲባል ኖራለች፤ ደጃፉ የሷ መሆኑ ግን ወሬ ነው እንዴ የሚወራ?

አንድ ቀን፣ ገበያው ቀዝቀዝ ባለበት የቀትር ሰዓት፣ ሱቋ ጓዳ ገብታ የጦሳን ድምፅ እንደገና ልታዳምጥ ፈለገች። ለምን እንደሆነ እሷም አታውቅ። ምናልባት የሚያስነቃ ነገር አምልጦኝ ይሆናል ብላ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አስጠግታ ተጫነችው።

ተስፉ ደጃፉ ላይ የሚያቆመው፣ የሰው ወገብ የሚደርስ ትልቅ ስፒከር አለ። ባለፈው ኢድ ፈዲላ ስልኳን በብሉቱዝ ከሱ ጋር አገናኝታ ለረድፉ ሁሉ መንዙማ አሰምታ ነበር። ስልክ ደግሞ አንዴ የተዋወቀውን አይረሳም።

ጆሮዋ ውስጥ ምንም የለም። ውጭ ግን ከቅመም ተራ እስከ ዋናው በር ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣ «አብሽሪ እታለም! ወላሂ ዕቃሽ መርከብ ላይ ነው! ያንቺን ድስት የነካ እኔን የነካ!» ተባለ። ቀጥሎም ዶሮው ጮኸ፤ በዚያ ስፒከር ሲወጣ የዶሮ ሳይሆን የመለከት ድምፅ ነበር።

ሽንኩርት የሚራገፍበት ጋሪ ቆመ። ፈዲላ ስልኩን ለማጥፋት ስትታገል ይባስ ብላ ሌላውን ነካችው፤ «ጋላፊ ነው እታለም፣ አብሽሪ!» አለ ስፒከሩ። ዶሮውም ደገመ።

በዚህ ጊዜ ንግሥቲ ከወንበሯ ብድግ አለች። ያጠፈችው አልጋ ልብስ ከጭኗ ላይ ተዘረገፈ።

«ዶሮው!» አለች ጮክ ብላ። «ይሄ የኔ ዶሮ ነው!»

ፈዲላ ከጓዳ ወጣች። ንግሥቲ የራሷን ስልክ እየፈለገች ነበር። አግኝታ ተጫነችው። ያው ድምፅ፣ ያው አይዞሽ፣ ግን በትግርኛ፣ «ኣጆኺ ሓፍተይ፣ ኣጆኺ!» አለ፤ ዶሮውም ከኋላ ሰላምታውን አቀረበ።

«ላንቺ ማን ነኝ አለሽ?» አለች ፈዲላ።

«ገርዓልታ፣ ያገሬ ተራራ» አለች ንግሥቲ፣ ድምፅዋ ወርዶ። «ላንቺስ?»

«ጦሳ።»

ሁለቱም ተያዩ፤ ከዚያ አንድ ላይ ወደ ተስፉ ዞሩ። ተስፉ ስፒከሩ ላይ ክንዱን ደግፎ መሬት መሬት ያያል።

«አንተስ ወገብህን ምን ነካህ?» አለችው ፈዲላ።

ተስፉ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ። «ስማርት ሎጂስቲክስ» አለ። ስልኩን አውጥቶ አሰማቸው። «ብራዘር፣ ዶንት ወሪ፤ ኮንቴይነርህ ፕሮሰስ ላይ ነው» ይላል። ዶሮው ግን በየትኛውም ቋንቋ ያው ዶሮ ነበር።

«ማስያዣ አለ ብለህ ያስተማርከን አንተ!» አለች ንግሥቲ።

«አስተማርኩ እንጂ ተማርኩ አልኩ?» አለ ተስፉ።

ቀድሞ የሳቀው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ብቻ ሦስቱም ስቀው ስቀው ንግሥቲ በነጠላዋ ዓይኗን መጥረግ ጀመረች፤ መጥረጉም ወደ ለቅሶ አደላ፤ ፈዲላም አቅፋት ቁጭ አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ የፈዲላ ጨጓራ፣ የንግሥቲ ደም ግፊትና የተስፉ ወገብ ባንድ ላይ ተፈወሱ።

የቀረው ሐሩን ነው። ፈዲላ በዚያው ቀን ራት ላይ፣ ሳናም ባለችበት፣ ከ«ጦሳ» ጀምራ እስከ ስፒከሩ ድረስ አንድ ሳታስቀር ነገረችው። ሳና «ኡሚ! ይሄ እኮ የለየለት ስካም ነው! ለምን እኔን አልጠየቅሽኝም?» ብላ ተነሣች። ሐሩን ግን እጁን ታጥቦ፣ ፎጣውን አጥፎ እንደያዘ፣

«ዶሮው ስልክ ውስጥ ነበር?» አላት።

«ምን?»

«ወጥ ቤት ዘግተሽ ስትገቢ ዶሮ ይጮኻል። ለበዓል ደብቀሽ ያመጣሽው መስሎኝ ነበር። በረንዳውን ፈልጌ አጣሁት።» ፎጣውን መስቀያው ላይ ሰቀለ። «እንዳይራብ ብዬ ስንዴ እበትንለት ነበር።»

ፈዲላ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ስንት ቀን ሙሉ በረንዳዋን የወረሩትን እርግቦች በመጥረጊያ ስታባርር ከርማለች! ከየት እንደመጡባት ሳታውቅ ከላይኛው ፎቅ ጎረቤት ጋር ሳይቀር ተጣልታለች። ሳና በሳቅ ወንበሯ ላይ ተንከባለለች። ሐሩን አልሳቀም፤ «ስለ ገንዘቡ አብሽሪ» ብሎ ተነሣ። ፈዲላ ለአፍታ ደነገጠች። ቃሉ ከባሏ አፍ ሲወጣ እንኳ እጇ ሳታዝዘው ወደ ቦርሳዋ ሄዶ ነበር። ያኔ ነው የምሯን ያዘነችው።

ፖሊስ ጣቢያ ሦስቱም ሄደው አመለከቱ። ቃላቸውን የተቀበላቸው መርማሪ ጨዋ ሰው ስለነበር እስከ መጨረሻው ፊቱን አጠንክሮ ቆየ።

«የተጠርጣሪው ስም?»

«ጦሳ።» «ገርዓልታ።» «ስማርት ሎጂስቲክስ።»

«መልኩ?»

ሦስቱም ስልካቸውን አሳዩት።

«አድራሻው?»

«ዶሮ ያለበት ሰፈር ነው» አለች ንግሥቲ፣ ለመርዳት ያህል።

መርማሪው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ድምፆቹን እንዳያጠፉ፣ ሌላ እንዳይልኩ፣ ሰውም እንዲያስጠነቅቁ መከራቸው። «አቤቱታችሁ ተመዝግቧል» አለ። «እውነቱን ልንገራችሁ፤ በዚህ መንገድ የሄደ ገንዘብ ሲመለስ ብዙ አላየሁም። ግን ሰው ሁሉ እያፈረ ቤቱ ከተቀመጠ እኛም መኖሩን አናውቅም።» ፈዲላ ይህችኛዋን ወደደቻት።

ሱቋ ስትመለስ ለጦሳ የመጨረሻ ድምፅ ልላክ አለች። እርግማኑን ከጠዋት ጀምሮ ስታዘጋጀው ነበር፤ ሰባት ትውልድ የሚደርስ ነው። ንግሥቲና ተስፉ ሊሰሙ ተጠጉ። ፈዲላ ስልኩን አፏ ላይ አስጠጋች፤ ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«ስማ አንተ ልጅ» አለች። «የምትናገረው የኛን አገር ንግግር ነው። ይሄ ከመጽሐፍ አይለመድም። አንዲት እናት ስትወድቅ አብሽር፣ ስታለቅስ አብሽር እያለች አሳድጋሃለች። ቃሉን አውጥተህ ሸጥከው። ገንዘቡን አላህ ያውቅልኛል። አሁን ግን ባሌ አብሽሪ ሲለኝ እጄ ቦርሳዬን ይይዛል። የወሰድክብኝ ይሄን ነው። ይሄን እንዴት አድርገህ ትመልሰዋለህ?» ትንሽ ተነፈሰች። «ደግሞ ዱባይ ዶሮ የለም!»

ላከችው። ሰማው፤ ምልክቱ ታየ። ሦስቱም ስልኩን ከበው ቆሙ። ይጽፋል፣ ያቆማል፤ ይጽፋል፣ ያቆማል። በመጨረሻ አንድ መልእክት መጣ።

«ዶሮው የጎረቤት ነው» ይላል።

ከዚያ ጦሳ ከገበያው ጠፋ። ገርዓልታም፣ ስማርት ሎጂስቲክስም አብረውት ጠፉ።

«ቢያንስ አንድ እውነት ነገረን» አለ ተስፉ።

ንግሥቲ ከት ብላ ሳቀች። ፈዲላ አልሳቀችም። ስልኩን እያየች፣ «ጎረቤት አለው ማለት ነው» አለች ቀስ ብላ። «ጠዋት ወጥቶ እንደምን አደርክ የሚለው ሰው አለ።»

ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል ብሎ የገመተ ሰው ፈዲላን አያውቅም። ሳምንትም ሳይሞላ «ድስቱን ሳላመጣ አልቀርም» አለች። ሳና በእረፍት ቀኗ ሾላ ድረስ መጥታ ሦስቱንም አስቀምጣ አስተማረች። «ከማስያዣው ውጪ የሚያወጣችሁ ሰው፣ ወንድማችሁም ቢሆን ሌባ ነው። ዕቃውን ሳታዩ እንዳትጫኑ። ማስያዣውም ቢሆን መቶ በመቶ አይታመንም፤ ገበያው ራሱ ገንዘብ ይዞ የጠፋበት ቦታ አለ። ስለዚህ ቢጠፋ የማይጎዳችሁን ያህል ብቻ። መልእክት ሲመጣ ደግሞ ሦስታችሁም ፊት ይነበብ።» ተስፉ ራሱን ነቀነቀ፤ «እኔም ይሄንኑ ነበር ያልኩት» አለ።

በዚህ ጊዜ ያገኙት ሻጭ ስሙ «ቁልፍ» ነው። ፈዲላ መርማሪው ያልጠየቃትን ያህል እሱን ጠየቀችው።

«ድምፅህን ላክ።»

«አልልክም።»

«ለምን?»

«ሥራ ላይ ነኝ።»

«የየት አገር ልጅ ነህ?»

«ዕቃውን ስታዪ ተረከቢ።»

«ቅናሽስ?»

«የለም።»

ፈዲላ ስልኩን አስቀመጠች። «ምን ዓይነት ባለጌ ነው! ሰላምታ እንኳ አያውቅም!»

«ጥሩ ነው እንጂ» አለች ንግሥቲ። «እወድሻለሁ አላለሽም።»

«ሐሩን ሳይነግረኝ ዱባይ ሄዶ እንዳይሆን» አለች ፈዲላ፤ ግን አዘዘች። ገንዘቡም ማስያዣው ውስጥ ገባ። በየቀኑ ፎቶ አስላከችው፤ ድስቱን ከላይ፣ ከታች፣ ክዳኑን ገልብጦ። ቁልፍ አንድ ቃል ሳይጨምር ይልካል። አንድ ጊዜ ብቻ «ሌላ ደንበኛም አለኝ» አለ።

ካርቶኑ የመጣ ቀን ረድፉ ሁሉ ተሰበሰበ። ፈዲላ በቢላ ቀደደችው። ድስቶቹ አሉ፤ አንዱም አልተሰበረም። የክዳኑ እጀታ ግን ቀይ ብላ ያዘዘችው አረንጓዴ ሆኖ መጥቷል። ፊቷ በራ፤ የምትጣላበት ነገር ስላገኘች ደስ አላት። ቁልፍም ተከራክሮ ሲያበቃ ለእጀታው ትንሽ ቀነሰላት፤ በማስያዣው በኩል፣ በሥርዓቱ።

«በይ ተጫኚ» አለ ተስፉ።

«ምን ቸኮለብህ? አይጣበቅም ብሎ ነው የሸጠልኝ። ይሞከራል።»

ምን እንሥራበት ሲባል ንግሥቲ፣ «ገንፎ። ገንፎ ያልተጣበቀበት ድስት ሌላ ምንም አይጣበቅበትም» አለች። የተስፉ የኤሌክትሪክ ምድጃ ተሰካ፤ ዱቄት ከወፍጮ ቤት፣ ቅቤና በርበሬ ከቅመም ተራ መጣ። ፈዲላ ክንዷን ሰብስባ አማሰለች። የሚያልፉ ሴቶች ሽታው ስቧቸው እየቆሙ «ማን ወለደች?» ይላሉ። «እትዬ ፈዲላ፤ ድስት ወለደች» ይላል ተስፉ።

ገንፎው ድስቱን ለቆ ተገልብጦ ሳሕን ላይ ሲወድቅ እልልታ ሆነ። ሁሉም እጁን ሰደደ። ስልኩ ተንጫረረ፤ ቁልፍ ነው።

«ዕቃው ደርሷል። ለምን አልተጫንሽም?»

«ቆይ፣ እየበላን ነው» ብላ ጻፈችለት።

ትንሽ ቆየ። «ጉድለት አለው?»

«ጨው አንሶታል።»

ተስፉ ጣቱን እየላሰ፣ «እትዬ ፈዲላ፣ ባትጫኝው እኮ ምን ሊያመጣ ይችላል? ፊትሽን አያውቅ፣ ስምሽን አያውቅ» አለ፤ የቀልድ ይሁን የምር በደንብ አልለየም።

ፈዲላ እጇ ላይ የቀረውን ገንፎ እያየች ቆመች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ በዚህ ስልክ ውስጥ ካለው ገበያ ሁሉ ስትጠብቅ የነበረው ሌባውን ነው። ዕቃው እሷ እጅ ነው ያለው። ገንዘቡን የያዘው ጣቷ ነው። ከወዲያ ማዶ ያለው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ስለሷ የሚያውቀው «ቢስቲማ» የሚለውን ቃልና ካርቶኑ የሚደርስበትን ቦታ ብቻ ነው፤ ያንኑ ይዞ ድስቱን በሙሉ ልኮላታል። ዓይኗን አላየም። ድምፅሽን ላኪም አላላትም።

ተስፉን ቀና ብላ አየችው፤ ዓይን ለዓይን። ተስፉ ጣቱን ከአፉ አወጣ።

«ቀልዴን ነው» አለ።

ፈዲላ እጇን በደንብ ታጠበች፤ ስልኩን በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችና «ተረክቤያለሁ» የሚለውን ተጫነች። ቁልፍ መልሶ የጻፈው «እሺ» ብቻ ነበር። ፈዲላ «ይሄ ሰውዬ ሚስት ካለችው አላህ ይርዳት» አለች፤ ሆኖም የሚቀጥለውን ትእዛዝ ለሱ እንደምትሰጥ ሁሉም ገብቷቸዋል።

ወዲያው አንዲት ወጣት ሴት ቆማ ከድስቶቹ አንዱን አነሣች። ክዳኑን ገልጣ አየች፤ በጥፍሯ ነካ አደረገችው።

«ይሄ እውነት አይጣበቅም፣ ማዘር? ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት።»

ፈዲላ ከገንፎው የቀረውን ቆርሳ፣ ቅቤው ውስጥ ነክራ፣ ልጅቷን አጎረሰቻትና እስክትውጥ ጠበቀች። ከዚያ ዋጋውን ጠራች። ልጅቷ ደንግጣ ግማሹን ብቻ ልስጥ አለች፤ ፈዲላም እጇን ደረቷ ላይ ጭና፣ ለራሷ የገዛችበትን እንኳ እንደማይሞላ፣ ሱቋን ልትዘጋ ጥቂት እንደቀራት፣ ይህቺን ልጅ ግን ስላየቻትና ስለወደደቻት ብቻ እንደምትቀንስላት፣ ሾላ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ መናገር ጀመረች።